ከጎሮ ሰማይ በታች፦ አውሮፕላንና የእጅ ስልክ

ከምሥራቅ አቅጣጫ ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ አውሮፕላን የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሚበረው ጎሮና ገርጂን በመሳሰሉ ሰው በበዛባቸው ሰፈሮች አቅራቢያ ነው። የመውረጃው መስመር ከመሬት ጋር 3 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ስለሚሠራ፣ ማኮብኮቢያውን ለመንካት 4 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው ከ210 ሜትር ብዙም አይርቅም። ከሥሩ ስንት ሰው በስልክ እንደሚነጋገር፣ ስንት የስልክ ማማ እንደሚያሠራጭ አንባቢ ይገምተው። ይህ ሁሉ አውሮፕላኑን ካላወከ፣ ውስጡ የተቀመጠ አንድ ተሳፋሪ ስልኩን እንዲዘጋ የሚጠየቀው ስለ ምንድን ነው? ተማሪዎች ደጋግመው ያነሡብናል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው።

መልሱ ያለው ርቀት ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከምንጩ በራቀ መጠን ብርታቱ በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርታቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 20 ዋት የሚያሠራጭ የስልክ ማማ ከአውሮፕላኑ 200 ሜትር፣ በሙሉ ኃይሉ 2 ዋት የሚያሠራጭ የጂ.ኤስ.ኤም. ስልክ ደግሞ ከአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች 5 ሜትር ይራቁ እንበል። ሁለቱም ሞገዳቸውን በየአቅጣጫው እኩል ይበትናሉ ብለን ብናሰላ፣ ሽቦዎቹ ዘንድ የስልኩ ሞገድ ከማማው 160 ጊዜ ይበረታል። በእርግጥ የማማው አንቴና ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሚያተኩር ወደ ሰማይ የሚያመልጠው ከዚህም ያነሰ ነው። የአውሮፕላኑ የብረት አካልም የውጭውን ሞገድ ሲመልስ፣ የውስጡን ግን እዚያው ያንጸባርቀዋል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ከመስኮቱ ስፋት ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ከፊሉ በመስኮት ሾልኮ በአካሉ ላይ ወደ ተተከሉት አንቴናዎች ሊደርስ ይችላል።

አብራሪውና የበረራ ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩት ግን ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ከ900 በእጅጉ የራቀ ነው። ታዲያ እንዴት ይገናኛሉ? ስልኩን ከራዲዮ ወይም ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አስቀምጦ «ጥርር ጥርር» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው መልሱን በጆሮው ያውቀዋል። የጂ.ኤስ.ኤም. ስልክ ሲያሠራጭ በሴኮንድ 217 ጊዜ እየበራና እየጠፋ ነው። ይህን ምት በቅርብ ያለ ማንኛውም ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፤ የማጉያው ዑደትም ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። ይኸው ድምፅ በአብራሪው ማዳመጫ ውስጥ ይገባል። በተሳፋሪ ስልክ ምክንያት መውደቁ በምርመራ የተረጋገጠ የመንገደኞች አውሮፕላን የለም። ሆኖም በደመና ውስጥ ሲወርድ ከተነገረው ከፍታ አንዲት አኃዝ ያመለጠችው አብራሪ ያለበትን ሁኔታ ማቃለል አይገባም እንላለን።

ክልከላው ለአውሮፕላኑ ብቻ ታስቦ እንዳልወጣ ጥቂቶች ያውቃሉ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1991 በበረራ ላይ የሞባይል ጥሪን የከለከለው በዋነኛነት የምድሩን የስልክ መረብ ለመጠበቅ ነበር። ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አድማሱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ለብዙ ማማዎች ይታያል ማለት ነው። ለጂ.ኤስ.ኤም. ደግሞ ከ35 ኪሎ ሜትር የራቀ ስልክ በተለመደው አሠራር አይስተናገድም። ምላሽ ያጣ ስልክ ወደ ሙሉ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይጣራል፤ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል።

መፍትሔው እንግዳ ይመስላል፤ ማማውን ወደ አውሮፕላኑ ማስገባት! እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ኤምሬትስ በአንድ አውሮፕላኑ ውስጥ ትንሽ ማሠራጫ ተክሎ የተሳፋሪ ጥሪ አስጀመረ። ማሠራጫው ቅርብ በመሆኑ ስልኮቹን ወደ ዝቅተኛ ኃይላቸው ያወርዳቸዋል፤ ጥሪው በሳተላይት ወደ ምድር ይሻገራል።

በእኛ አስተያየት ከተሳፋሪው ስልክ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የምድሩ ማማ ነው። አውሮፕላን ከመሬት ያለውን ርቀት የሚለካበት የሬዲዮ መሣሪያ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ሞገድ ወደ ታች ልኮ ማሚቶውን ይጠብቃል። በ210 ሜትር ከፍታ ማሚቶው የሚመለሰው በ1.4 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ እስከ 3.98 ጊጋኸርዝ በተመደበ ክልል የአምስተኛው ትውልድ አገልግሎት ሊጀመር ሲል፣ ኤምሬትስን ጨምሮ በርካታ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፤ በማረፊያዎች አቅራቢያ ያሉ ማማዎችም ለጊዜው እንዳይከፈቱ ተደረገ። ኢትዮ ቴሌኮም የአምስተኛውን ትውልድ አገልግሎት በአዲስ አበባ የጀመረው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው። ከማኮብኮቢያው አጠገብ ለየትኛው ማማ የትኛው ድግግሞሽና ምን ያህል ኃይል ይፈቀድ የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ የከተማችንም ጥያቄ ነው።

ጎማው ቦሌን እንደነካ ግን ስልኩ ሁሉ ይከፈታል፤ «ገባሁ፣ ውጭ ጠብቁኝ» ይባላል። ስልኮቹ ማማ እስኪያገኙ ይጣራሉ፤ ማማው ቅርብ ስለሆነም በጥቂት ሴኮንዶች ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። አብራሪው በዚያች ቅጽበት በየትኛው መታጠፊያ እንደሚወጣ ከመቆጣጠሪያው ማማ ገና እያዳመጠ ነው።