ውሃ የማይለምን አበባ
(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



እሬት በተባለ ቍጥር በሁላችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መራራነቱ ነው። የተቸገረ ሰው «ኑሮ እሬት ሆነብኝ» ይላል፤ እናትም ልጇን ጡት ስታስጥል እሬት ትቀባለች። መራራነቱን ሁሉ ሰው ሲያውቅ አበባውን አስተውሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ተዘነጋው አበባ፥ በተለይም እንደ ቆላ ድባ ባለ ጥቍር አፈር ላይ ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ ነው።

ቆላ ድባ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተንጣለለው በደንቢያ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ስሟ ቆላ ይባል እንጂ አየሯ የወይና ደጋ ነው። ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ረዥሙ በጋ ይገባል፤ ጥቍሩም አፈር እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በዚህ ወራት ለአበባ የሚፈስሰው ውሃ ከቤተ ሰብ ጕሮሮ የሚነጠቅ ነው። ውሃውን ከምንጭ ወይም ከቦኖ ተሸክመው የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸውና፥ የአንዲት ጽጌረዳ ውበት በማን ጀርባ እንደሚመጣ ማሰብ ይገባናል።

እሬት ይህን ሁሉ ድካም አይጠይቅም። ወፍራም ቅጠሉ የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያስቀምጥበት ጎተራው ነው። ሌሎች ብዙ ዕፅዋት የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ከፍተው ሲተነፍሱ፥ እሬት በፀሐይ ዘግቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይከፍታል፤ ስለዚህ በትነት የሚያጣው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። በዓለም ከ500 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ሲታወቁ ከ40 በላይ የሚሆኑት በአገራችን ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውም ከኖርዌያዊቱ ሊቅ ከኢንገር ኖርዳል ጋር ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ እሬቶች መጽሐፍ አሳትመዋል።

አንድ የታዘብሁትን ልንገራችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ እሬት በረድፍ ተተክሎ ነበር። ቦታው ዝቅተኛ ሲሆን የጣራው ጠፈጠፍም ይወርድበታል። ተላላኪውም በየማለዳው አንድ ባልዲ ውሃ እንዲያጠጣ ታዝዞ ነበር። በነሐሴ ወር ተክሉ ከሥሩ እየላላ ወደቀ። ሹሙ «በሽታ ገባበት» አሉ፤ ተነቅሎ ሲታይ ግን ሥሩ ጠቍሮ በስብሶ ነበር። የገደለው ውሃ ነው። ተላላኪው የደከመው ሁሉ ተክሉን ለመግደል ሆነ።

ይህን ጠባይ የደንቢያ ገበሬ በሽምብራው ያውቀዋል። ሽምብራ በውሃ የተኛ መሬት ስለማይስማማው፥ ዝናሙ ሲያባራ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ይዘራዋል። እኛም እሬት ስንተክል ይህንኑ ብልኀት እንከተል።

በመጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ መርጣችሁ፥ አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ደባልቃችሁ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ በዙሪያውም ውሃ የሚሄድበት ቦይ አውጡ። ቀጥሎ መስከረም ሲያልቅ፥ ከእናቲቱ ሥር የበቀሉትን ልጆች በንጹሕ ቢላዋ ለይታችሁ፥ የተቈረጠው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቈዩአቸው። ከዚያም በሁለት ክንድ ርቀት ትከሉ። አንድ ሳምንት ያህል ውሃ አትንኩ፤ ከዚያ በኋላ እስኪይዝ ድረስ አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት አጠጡ። ከያዘ ወዲያ የክረምቱ ዝናም ይበቃዋል። በበጋ ቅጠሉ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ፀሐይና ጥም ሲበረታበት የሚያሳየው መልክ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚመስል ተባይ ከታየ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቅጠሉ ሲቈረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድን በኀይል የሚያስቀምጥ ስለ ሆነ፥ ነፍሰ ጡርም ሆነች ሕፃን እንዳይውጡት ጠብቁ።

እሬት ሲጐለምስ ከቅጠሎቹ መካከል ረዥም ዘንግ ያወጣል፤ በዘንጉም ጫፍ ቀይ ወይም ብርቱካን መሳይ አበባ እንደ ችቦ ይቆማል። ንቦች ይሰበሰቡበታል፤ ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎችም ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ግቢ ኀላፊነት ያለባችሁ ሁሉ፥ ከክረምቱ በፊት መደቡን ሥሩ፥ ቦዩንም አውጡ። ያ የማለዳ ባልዲ ውሃም ለሚጠጣው ሰው ይቅር።