ካምቢዮ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል



የዛሬው ንባባችን ስለ መኪና ካምቢዮ ነው። «እኔ መኪና የለኝም፤ ምን ይረባኛል?» የሚል አይጠፋም። ግን ከመካከላችን ሹፌር ወንድም ወይም ረዳት ልጅ ያለው ስንቱ ነው? በመኪና ተሳፍሮ የማያውቅስ ማን አለ? እንግዲያው ጆሮ ስጡኝ። ጽሑፉን የያዛችሁም መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉ።

ካምቢዮ በሞተሩና በጎማዎቹ መካከል ያለ የብረት ሳጥን ነው። በውስጡ ጥርስ ያላቸው ትንንሽና ትልልቅ ብረቶች ይሽከረከራሉ። ማርሽ የምንላቸው እነዚህን ነው። እህል የተሸከመ ሰው ዳገት ሲወጣ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ሜዳ ሲደርስ ያስረዝማል። መኪናም እንደዚሁ ነው። በ1ኛ ማርሽ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። በ4ኛ ማርሽ ፍጥነቱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ሹፌሩ በግራ እግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሹ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለያያል። ምንም ማርሽ ሳይገባ ሲቀር ፎሌ እንለዋለን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ፤ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው።

አንድ ጎረቤት አለኝ። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለችው። መሪ ሲይዝ እጁ አይሳሳትም፤ ፊደል ግን አልቆጠረም ነበር። አንድ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ሊቀይር ሄዶ ጣሳውን በቀለሙ መርጦ ገዛ። ውሎ አድሮ 2ኛው ማርሽ አልገባም አለ። ሲገባም ይንጫጫል። ካምቢዮው ተፈትቶ ሲታይ ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉት የነሐስ ቀለበቶች ተበልተዋል። ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሊገዛበት ያስቀመጠው ገንዘብ ለጋራዥ ተከፈለ። ቤቱም ያንን ክረምት ሲያፈስ ከረመ።

«ጋሼ፣ ጣሳው ላይ እኮ ተጽፎ ነበር» አልኩት።

«መምህር፣ ለእኔ ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ነበር» አለኝ።

ምን ነበር የተጻፈው? በብዙ የካምቢዮ ዘይት ጣሳ ላይ «80 ደብልዩ 90» የሚል አለ። ይህ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ሌላው «ጂ ኤል 4» ወይም «ጂ ኤል 5» ነው። ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ቁጥሮቹን ግን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። «5 ከ4 ስለሚበልጥ 5 ይሻላል» አትበሉ። ባለ 5ቱ ብዙ ጊዜ ለዲፈረንሻል ነው። ባለ 4 በታዘዘለት ካምቢዮ ውስጥ ከገባ ቅመሙ ነሐሱን ሊበላ ይችላል። ሌላ ዓይነት ዘይት የሚታዘዝለት ካምቢዮም አለ። ስለዚህ የመኪናውን መጽሐፍ አንብቡ ወይም አስነብቡ። ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ዘይት ስትገዙ ደብተሩን ከጣሳው ጋር አስተያዩ።

ዘይቱን ለማየት መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፤ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ። በብዙ መኪናዎች የመሙያው ቡሎን በካምቢዮው ጎን ነው። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ ከደረሰ ይበቃል። ከጎደለ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ እሱን ፈልጉ። ዘይት ስትቀይሩ የላዩን ቡሎን አስቀድማችሁ ፍቱ። የታችኛውን ከፍታችሁ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢል በምን ትሞላላችሁ? በወጣው ዘይት ውስጥ እንደ አመድ የላመ ብረት ቢታይ ያለ ነው። የጥርስ ስባሪ ከታየ ግን መኪናው መሄድ የለበትም።

ካምቢዮ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል። ንግግሩን ስሙት፤

1. ማርሾቹ ሁሉ አልገባ ካሉና የኋላ ማርሽም ከተንጫጫ፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን እዩ። ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ።

2. አንድ ማርሽ ብቻ ከተንጫጫ፣ የዚያ ማርሽ ቀለበት አልቆ ሊሆን ይችላል።

3. በፎሌ ቆሞ የሚጮኸው ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ።

ሹፌር ሆይ፣ እግርህን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፍ። እጅህንም የማርሽ ዘንግ ላይ አታስደግፍ። ሁለቱም ቀስ በቀስ ይበላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ሹፌር አለ። ያኔ ጭነቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን በጣም ሲግል አልይዝም ይላል። በከባድ ማርሽ ከተወረደ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ተሳፋሪዎችም፣ ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝም ብሎ መኪናው ሲፈተለክ ከተሰማችሁ፣ «ወንድም፣ እባክህ ማርሽ አስገባ» ማለት ነውር አይደለም። የሚድነው የሁላችሁም ነፍስ ነው።

ጎረቤቴ ዛሬ ያነባል። ዘይት ሲገዛ መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ ደብተሩን፣ በመጨረሻ ገንዘቡን ያወጣል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያም ይህን ጥያቄ መልሱ፤ በፎሌ ቁልቁለት መውረድ ለምን ያሠጋል?

በሉ፣ ደህና ሁኑ።