በክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ለማን ያዋጣል?

የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ የምታክል፣ በላይኛው ክንድ ጀርባ ላይ የምትለጠፍ ክብ መሣሪያ በስኳር ሕሙማን ዘንድ መነጋገሪያ እየሆነች ነው። ሴንሰር ትባላለች። ጣት ሳይወጋ፣ ሌሊትም ቀንም፣ የስኳርን መጠን በስልክ ላይ ታሳያለች። ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ይልኳታል፤ በከተማም ገዝተው የሚጠቀሙባት አሉ። መሣሪያዋ እንደምትሠራ አያጠራጥርም። ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ለሕመምተኛው ምን ይለውጣል የሚለው ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጫፏ ከቆዳ ሥር ትገባና በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ስኳር ትለካለች። የምትለካው ደሙን ራሱን ስላልሆነ ንባቧ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። በአጨዳ ወይም በእርሻ ላይ ያለ ሰው ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ስልኩ 85 እያለ ደሙ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላብ ላብ ያለው፣ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ቁጥሩ ደኅና ቢመስልም ጣቱን ወግቶ ማረጋገጥ አለበት። ሴንሰር የገዛ ሰው ግሉኮሜትሩን አይጥልም።

የሴንሰሯ ትልቁ ጥቅም ከቁጥሩ ጎን ያለችው ቀስት ናት። በግሉኮሜትር 110 ያነበበ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። ሴንሰሯ ግን 110ን ወደ ታች ከሚያመለክት ቀስት ጋር ካሳየች፣ ማታ ኢንሱሊን የወሰደው ሰው ጥቂት ሳይቀምስ መተኛት እንደሌለበት ያውቃል። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ስኳር ሲወርድ ድምፅ አሰምተው ይቀሰቅሳሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በስፋት ከሚታወቁት ዓይነቶች አንዷ ሴንሰር 14 ቀን ታገለግላለች፤ ከተነሣች በኋላ ዳግም አትለጠፍም። ዓመቱን ሙሉ ለመጠቀም 26 ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ጣቱን በቀን 4 ጊዜ የሚወጋ ሰው በ14 ቀን 56 ስትሪፕ ይጨርሳል፤ በቀን አንዴ የሚለካው ደግሞ 14 ብቻ። እንግዲህ በአካባቢው ፋርማሲ የአንድ ስትሪፕን ዋጋ ጠይቆ በ56 ወይም በ14 ማባዛትና ከአንድ ሴንሰር ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ በ26 ሲባዛ የዓመቱ ተጨማሪ ወጪ ይታወቃል።

በኪኒን ብቻ የሚታከምና ስኳሩ የተረጋጋ ሰው ያን ልዩነት የሚከፍልበት በቂ ምክንያት የለውም። በሐኪም ትእዛዝ ጣቱን እየተለካ፣ የ3 ወር አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለ የደም ምርመራ በየጊዜው ቢያደርግ ይበቃዋል። በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ ስኳሩ ሌሊት ለሚወርድበት፣ መውረዱም ለማይሰማው ሰው ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሕመሙን መናገር ለማይችል ሕፃንም እንዲሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። በጎንደር ዙሪያ የተካሄዱ የሕክምና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚወስዱት ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭን ወጣት አርሶ አደሮች ናቸው። ከባድ ሥራ ይሠራሉ፤ የምግባቸው ሰዓትና መጠን ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ የስኳር መውረድ አደጋቸውም ከፍተኛ ነው። መሣሪያዋ በጣም የምትጠቅመው እነዚህን ሰዎች ነው፤ የመግዛት አቅም የሚያንሳቸውም እነርሱው ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ኢንሱሊን፣ መርፌና ስትሪፕ ይቀድማሉ። በግ ሸጦ ሴንሰር ገዝቶ በቀጣዩ ወር ኢንሱሊን ማጣት አይገባም።

ለብዙዎች የሚመች መካከለኛ መንገድ ግን አለ፤ ሴንሰሯን ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ለአንድ 14 ቀን ብቻ መጠቀም። ወቅቱን መምረጥ ነው ቁም ነገሩ። የአጨዳ ሰሞን ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም የኢንሱሊኑን መጠን የቀየረበት ጊዜም ያመቻል። መጾም የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ለጾሙ መግቢያ ሊያደርጋት ይችላል። በእነዚያ ቀናት የተበላው እንጀራ ስንት እንደነበረ፣ መርፌው በስንት ሰዓት እንደተወጋ፣ ምን ሥራ እንደተሠራ በደብተር ይጻፋል። ከዚያ ደብተሩና ስልኩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ሌሊቱን ሳይቀር ያየዋል። ጣት በመውጋት ብቻ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም።

ዘመድ ከውጭ ከመላኩ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ስልኩ መተግበሪያውን ይቀበላል ወይ? የአንድ አገር ሴንሰር ከሌላ አገር መተግበሪያ ወይም ማንበቢያ ጋር ላይግባባ ስለሚችል ይህ አስቀድሞ ይጣራ። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም ይታይ። በጉዞም በቤትም ሙቀት እንዳያገኛት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቆዳ ሳይነኩ ስኳር እንለካለን የሚሉ የእጅ ሰዓቶችና ቀለበቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 ዓ.ም ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በራሳቸው ስኳር እንዲለኩ የፈቀደላቸው ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደሌለ ገልጿል። በእነርሱ ንባብ ላይ ተመሥርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከመጠን በላይ ወስዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።