ርካሽ ቦታ፣ ውድ መሠረት
በደብረ ታቦር ዙሪያ ቤት ለመሥራት ያሰበ ባለገንዘብ ቦታ ለማየት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው። በጥር ወር መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ደላላው ለጥ ያለና ለአስፋልት የቀረበ ሜዳ ያሳየዋል። ዋጋው ካሰበው ዝቅ ካለለት ልቡ ወዲያው ይከጅላል። ከእግሩ ሥር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ መኖሩን ግን ልብ አይልም። የቦታውን እውነተኛ ዋጋ የሚናገረው ያ ስንጥቅ ነው።

ጠላቱ ብርዱ አይደለም

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ። ብርዱን አይተው በውጭ አገር ፕላን ለመሥራት የሚያስቡ አሉ። በካናዳዋ ቶሮንቶ መሠረት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል የሚወርደው በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ቤቱን ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። በደቡብ ጎንደር ግን ውርጩ ሌሊት ሣር ላይ ታይቶ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል እንጂ ወደ መሬት ጠልቆ አይገባም።

እዚህ ቤት የሚያናጋው ጥቁሩ ዋልካ አፈር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከቤቱ ሥር ያለው አፈር እርጥበቱ ብዙም ሳይለዋወጥ ከግድግዳው ውጭ ያለው ከፍና ዝቅ ስለሚል ማዕዘኖቹ ይናጋሉ። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ምልክቱ ነው። በዚህ ላይ በጣም የሚጎዳው ፎቅ ሳይሆን ባለ አንድ ወለሉ የብሎኬት ቤት መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ቀላል ቤት የሚያብጠውን አፈር ተጭኖ የመያዝ ክብደት ስለሌለው ነው።

ሦስት ምርጫዎች

የመጀመሪያው ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በማያብጥ አፈር መተካት ነው። 8 በ10 ሜትር ለሆነ ቤት ዙሪያውን 1 ሜትር አስፍቶ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ቢቆፈር 144 ሜትር ኩብ ይወጣል። የተቆፈረ አፈር በሩብ ያህል ስለሚጨምር 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና ከ11 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ተጠቅጥቆ የሚሞላው ሰሌክትም ከዚህ የማይተናነስ ምልልስ ይጠይቃል። ውኃ የሚያሳልፍ አሸዋና ጠጠር ብቻ ከተሞላና ማፋሰሻ ከሌለው ግን ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቁሩን አፈር አልፎ ጽኑ መሬት ላይ የአርማታ እግር ማሳረፍ ነው። ጽኑው መሬት በ2 ወይም በ3 ሜትር ውስጥ ከተገኘ ያዋጣል። ነገር ግን እግሮቹን የሚያያይዘው ግሬድ ቢም በጥቁሩ አፈር ላይ በቀጥታ ከተሞላ ሲያብጥ ስለሚያነሣው ከሥሩ ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ሦስተኛው ራፍት የሚባለው፣ ቤቱን ሙሉ በአንድ ወፍራም አርማታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፌሮና ሲሚንቶ ቢበላም ጽኑው መሬት ሩቅ ሲሆን መፍትሔ ነው።

ወደ ወረታ ወርዶ በፎገራ ሜዳ ለሚገነባ ሌላ ሂሳብ ይጨመራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ጣናም ከፍ ብሎ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። እዚያ መሠረቱ ጠንካራ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ወለሉ ከፍ ማለቱም ግድ ነው።

ውኃውን ማራቅ

የትኛውም ቢመረጥ የጣራው ውኃ ግድግዳ ሥር ከፈሰሰ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። አሸንዳ፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍና ከላይ በኩል የጎርፍ ቦይ ከሁሉ የረከሱ፣ ከሁሉም በላይ የሚረሱ ሥራዎች ናቸው። ባሕር ዛፍም አፈሩን ስለሚያደርቅ ቢያንስ በቁመቱ ልክ ከቤት መራቅ አለበት። የጥንት ገንቢዎች ምክንያታቸው ሌላም ቢሆን ከፍታ ይመርጡ ነበር፤ ከአዲስ ዘመን በላይ ያለው ጣራ ገዳምም ሆነ በእንፍራንዝ አቅራቢያ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ቤተ መንግሥት ውኃ በማይተኛበት ቦታ ላይ ናቸው።

ከውል በፊት

ገዥ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት 3 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ ቢያስቆፍር ያተርፋል። ደቅቆ የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ልኬት ባለው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሮ 24 ሰዓት ማቆየትም ይቻላል። 15 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ ብዙም አያሰጋም፤ 20 ከደረሰ ግን መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራን ባይተካም ለመደራደሪያ ይበቃል። የቁፋሮው፣ የገልባጩና የሰሌክቱ ሂሳብ ከቦታው ዋጋ ላይ ተደምሮ ከዳገቱ ቦታ ጋር ሲነጻጸር ርካሹ የትኛው እንደሆነ ይለያል። ቦታውንም በጥር ያየ ገዥ በነሐሴ ዳግመኛ ቢያየው አይከፋም፤ ዋልካ በበጋ የሸሸገውን በክረምት ይናገራልና።