የኒስ ሰላጣ በመተማ ሙቀት

ፈረንሳዮች «የተቀናበረ ሰላጣ» የሚሉት ምግብ አለ። በቤታችን እንደተለመደው ሁሉም ነገር ተከትፎ በአንድ ሳህን አይደባለቅም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተዘጋጅቶ ቦታ ቦታውን ይዞ ይደረደራል። እኛም በባሕር ማዶ ትምህርታችን ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብልን፣ አስተናጋጁ ማደባለቁን የረሳ መስሎን በማንኪያ አማስለነው ነበር።

ከእነዚህ ሰላጣዎች ዝነኛው በደቡብ ፈረንሳይ ወደብ በኒስ ስም የሚጠራው ሲሆን ቲማቲም፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቱና ወይም በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣና የወይራ ፍሬ ይገባበታል። በድንችና በፎሶልያ ላይ ግን ስምምነት የለም። በኒስ አካባቢ የተወለደው የወጥ ቤት ሊቅ ኦጉስት ኤስኮፊዬ (1846–1935 እ.ኤ.አ.) ሁለቱንም ያስገባል፤ የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ዣክ ሜድሰን ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተቀቀለ አትክልትን አጥብቆ ይከለክላል። እኛ ከኤስኮፊዬ ወገን ነን፤ ድንቹ ከወጣ ለፊዚክስ የሚተርፈን ይቀንሳልና።

እንግዲህ ይህን ሰላጣ በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውሃ እናዘጋጅ ብንል ምን ይገጥመናል? በመጀመሪያ ቅቅሉን እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከፍታዋ 700 ሜትር አካባቢ በሆነው መተማ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚበረታ 98 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በጎንደር የለመድነውን የመቀቀያ ጊዜ ይዘን ቆላ ብንወርድ ድንቹ ሊፈራርስብን ይችላል። ውሃው ከፈላ በኋላ እሳት መጨመርም ከሰል ማባከን ነው፤ ትነቱ ይፋጠናል እንጂ የውሃው ሙቀት ከፍ አይልም።

የወይራ ዘይት ባይኖር አያሳስብም፤ አገሩ የሰሊጥ አገር ነው። የሰሊጥ ዘይት ሰሳሞልን የመሰሉ፣ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከሉ ውሁዶችን ይዟል። ሦስት እጅ ዘይት ከአንድ እጅ አቼቶ ጋር ሲመታ ለጊዜው ይዋሐድና ወዲያው ይለያያል። ጥቂት የተፈጨ ሰናፍጭ ቢጨመርበት ግን በፍሬው ቅርፊት ያለው ሙጫ መሰል ነገር የዘይቱን ነጠብጣቦች ስለሚከብ መልሰው መገናኘታቸውን ያዘገየዋል። ይህ ማጣፈጫ የሚፈስሰው ለመብላት ስንቀመጥ ነው፤ ጨው ቀድሞ ከገባ በኦስሞሲስ የቲማቲሙን ውሃ እየሳበ ሳህኑን ሾርባ ያደርገዋል።

ዋናው ፈተና ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቆላ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ምን ይደረግ? ድንበሩን ተሻግረን ብንመለከት ሱዳኖች ዚር የሚሉት የሸክላ ዕቃ አላቸው፤ የእኛም እንስራ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀትን ከዕቃው ይወስዳል። አንድ ግራም ውሃ ለመትነን 2,400 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 20 ግራሙ ቢተን፣ ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር፣ የቀረው በ11 ወይም በ12 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ሰላጣና ፎሶልያ የማይጠወልገውም በዚህ ምክንያት ነው። በሐምሌ ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ዘዴው ይዳከማል።

ይሁን እንጂ ትነት ወሰን አለው። አየሩ 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 20 በመቶ ቢሆን በትነት ልንደርስበት የምንችለው ዝቅተኛ ሙቀት ከ22 እስከ 23 ዲግሪ ነው። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ክልል ይራባሉ። ስለሆነም እንስራው አጠገብ መቀመጡ ለቲማቲም የሚበጀውን ያህል ለተቀቀለ እንቁላልና ለተከፈተ ቱና አይበጅም። የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች እንዲህ ያለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ያዝዛሉ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ጥሬ አትክልቱም ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በክሎሪን በታከመ ውሃ ይታጠብ፤ አቼቶና ሎሚ ተሕዋስያንን ይቀንሳሉ እንጂ ዋስትና አይሆኑም።

እንግዲህ በመተማ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ከኒስ ይለያል ማለት ነው። ድንቹና ፎሶልያው በማለዳ ሳይሆን ምሳ ሲቃረብ ይቀቀላሉ፤ እንቁላሉ ከሁሉ በኋላ ይጣዳል፤ የቱናውም ቆርቆሮ እንግዶቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ይከፈታል።