ጽሑፍ የሌለው ማስታወቂያ፣ ከስፍር በላይ የሆነ ምራቂ

በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች። ስሟን የሰማ ነጋዴ ገበያው የሚቆምበትን ቀን አብሮ ይሰማል። ከዚህ ያጠረ የንግድ ማስታወቂያ አይገኝም።

ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ባለው ገጠር የቆየው የማስተዋወቅ ዘዴም ፊደል አያሻውም። ጠላ የጠመቀች ሴት በደጇ እንጨት ተክላ ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋለች፤ ያልተማረ መንገደኛም ያነበዋል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም ጠማቂዎች በደጃቸው ረጅም እንጨት ያወጡ ነበር። ምልክቱን አይቶ የሚመጣው ግን ጠጪ ብቻ ሳይሆን ጥራቱን የሚቀምስ ሹምም ነበር። በእኛ አገር የሹሙን ሥራ የምትሠራው ቀጂዋ ናት፤ ከእንግዳው በፊት በመዳፏ አድርጋ ትቀምሳለች።

ሁለተኛው ዘዴ ምራቂ ነው። እህሉ ተሰፍሮ ሲያበቃ ገዢው «መርቂልኝ» ይላል፣ ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ቃሉ ከምርቃት ጋር አንድ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ዋጋው አስቀድሞ ከተሰቀለ ወይም ስፍሩ ከጎደለ የእፍኟን ሒሳብ የከፈለው ገዢው ራሱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከማስወገዱ በፊት ብዙ የተነገረለት የቢራ ቆርኪ ዕጣም ከምራቂ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ እፍኟ ለጠየቀ ሁሉ ስትደርስ የቆርኪው ሽልማት ዕድል ለቀናው ብቻ መድረሱ ነው።

ስለዚህ ሸማቹ «መርቂልኝ» ከማለቱ በፊት ቁናው እስከ አፉ መሙላቱን ቢያይ ይበጀዋል።