አንዱ ዲስክ ጎንደር ይደር

ወር ሲያልቅ አይከል ከተማ ውስጥ አንድ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ የደሞዝ መክፈያ ኤክሴሉን ከፍታ የመጨረሻዎቹን ስሞች ትሞላለች። መብራት ይሄዳል። የዩፒኤሱ ባትሪ ከደከመ ቆይቷልና ሁለት ሦስቴ ጮኾ ዝም ይላል። ከሰዓታት በኋላ መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከልክ አልፎ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ ዊንዶውሱ ግን አይገባም፤ ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ መረጃውን ፈልጎ ሲያጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል፤ ቶሎ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ያም ሆኖ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ሥራው ያ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት መሠራት አለበት። አንድ መሥሪያ ቤት መረጃውን በመጠባበቂያ ቅጂ፣ ማለትም በባክአፕ፣ ሊጠብቅ ሲነሣ ቀድሞ ዲስክ ወደ መግዛት ይሮጣል። ከግዢው በፊት የክፍል ኃላፊዎች አንድ ከሰዓት ተቀምጠው አንድ ነገር ቢነጋገሩ እመክራለሁ፤ ዛሬ ማታ ሁሉም ቢጠፋ እንደገና ልንሠራው የማንችለው የትኛውን ነው? የደብዳቤ ናሙና እንደገና ይጻፋል። የዚህ ወር ደሞዝ ከባንክ ወረቀትና ከባለፈው ወር ዝርዝር ተቀናብሮ ሊወጣ ይችላል። በውርስ የተላለፈ መሬት የተመዘገበበት ፋይል፣ የሕሙማን የክትትል ቀጠሮ፣ የቁጠባ ማኅበር አባላት ተቀማጭ ግን ከማንም ትዝታ አይቀዳም። የአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንኳ ጥቅሙ እጥፍ የሚሆነው ጽሕፈት ቤት ያለው መዝገብ አብሮ ሲኖር ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል።

ለእያንዳንዱ ፋይል ሁለት ቁጥር ጻፉለት። አንደኛው የስንት ቀን ሥራ መድገም እንችላለን የሚል ነው፤ ሁለተኛው ያለዚህ ፋይል ስንት ቀን መቆየት እንችላለን የሚል። በየቀኑ ገንዘብ የሚቀበል የቁጠባ ማኅበር የአንድ ሳምንት ደረሰኝ ቢጠፋበት ከአባላቱ ጋር ይጣላል፤ ቅጂው በየማታው መሆን አለበት። በዓመት ሁለቴ የሚነካ ጥናት በወር አንዴ ቢቀዳ ይበቃዋል። ገንዘቡም ጊዜውም የሚመደበው ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለው የቦታ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ የጎንደር ምድር የከፈለው ዋጋ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት አስሰብስበው መቅደላ አስገቡ፤ እዚያ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንድ ሺህ ያህል ብራና አንድ አምባ ላይ ተከማቸ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በየደብሩ ተበትኖ የኖረው ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ እጅ ወደቀ፤ ከዚያ ውስጥ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ድርቡሽ ከመተማ በኩል መጥቶ ጎንደር ሲገባ የከተማዋን አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ከእነዚያ ዘመናት የጠፋው መጽሐፍ ቃሉ ለእኛ የደረሰን አንድ ጸሐፊ ቀደም ብሎ ለሌላ ደብር ገልብጦት ከነበረ ነው።

እንዲህ ያለ ጥፋት እንዳይደገም የተደረገው ትልቅ ሥራ በ1966 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። የገዳማትና የአድባራት ብራናዎች እየመጡ በማይክሮፊልም ተነሡ፤ 9,000 ያህል መጻሕፍት። ብራናው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ አንድ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተላከ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ተቀምጠው የብዙዎቹን ይዘት መዘገቡ። እስቲ ቁጠሩት፤ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከአገር ውጭ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ የዲጂታል ፎቶግራፍ አያያዝን በጻፈበት መጽሐፍ በ1990ዎቹ ማብቂያ በእኛ አቆጣጠር ያሳወቀው፣ ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያ ሁሉ «3-2-1» የሚለው ደንብ ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ።

ሀብታም መሆን ከዚህ ደንብ አያስመልጥም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ የሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን የሚያኖሩበት 858 ቴራባይት መረጃ ወደመ፤ ከማዕከሉ ውጭ ቅጂ አልነበረውም። እኛም ዘንድ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና ደሴ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲዎቹና የደሴ ሆስፒታል ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር ሲወሰድ ውስጡ ያለው የሰው ታሪክም አብሮ ይሄዳል።

አይከል ላይ ይህ እንዴት ይሠራል? ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ለስብሰባም ለዕቃም መኪና ይመላለሳል። ሦስት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ጻፉባቸው። ሀ ቢሮ፣ በብረት ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለ ጎንደር፣ የታመነ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይደር። ሐ ዓርብ ከሰዓት ተቀድቶበት ከመኪናው ጋር ይሂድና ለን አስመልሶ ይቅር። ሦስት መሆናቸው ለዚህ ነው፤ ልውውጥ ሲደረግ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙም ሦስተኛው ሌላ ከተማ አለ። ዲስኮቹ በይለፍ ቃል ይቆለፉ፤ መንገድ ላይ የሕሙማን ስም የያዘ ዲስክ ቢወድቅ ሌላ ጥፋት ነው፤ የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ተቋማትን ተጠያቂ ያደርጋል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ የኃላፊው ካዝና ውስጥ ይግባ፤ ባለሙያ ይዛወራል፣ ቃሉ አብሮት እንዳይዛወር።

ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ አይደር። የተሰካ ዲስክ መብረቅም፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም ከኮምፒውተሩ ጋር እኩል ያገኘዋል። ፍላሽን ለዚህ ሥራ አታምኑት፤ ቢሮ ለቢሮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ለፎቶ ኮፒ ቤት የዞረ ፍላሽ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ክላውድ፣ ማለትም ፋይልን በኢንተርኔት ማስቀመጥ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፋይሉን እዚያ ብቻ ያስቀመጠ ሰው በገዛ ሥራው ላይ በሩ ተዘጋበት።

አንድ ነገር ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ በአሮጌው ላይ እየደረቡ መቅዳት። ጥቅምት 3 ቀን አንድ ሰው ሳያውቅ መቶ መስመር አጠፋ እንበል። ስሕተቱ የሚታወቀው ኅዳር ሲገባ ነው። እስከዚያ በየዓርቡ በአንድ ፋይል ላይ ከደረባችሁ ስሕተቱን ራሱን በጥንቃቄ ስትጠብቁ ቆይታችኋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ በቀኑ ስም የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ የአራት ሳምንት፣ የየወሩ መጨረሻ፣ ደግሞ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የተቀዳው ፈጽሞ የማይነካ ይሁን። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠቃሚው ሁሉ ወጥቶ ከፕሮግራሙ የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ቅዱ፤ እየተሠራበት ያለ ፋይል ዝም ብሎ ኮፒ ቢደረግ ላይከፈት ይችላል።

በጥር 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ባለሙያ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበራቸው፤ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ በእጁ የቀዳው ቅጂ ነው። ቀድመው አንድ ቀን እንኳ መልሰው ለመክፈት ቢሞክሩ ኖሮ ጉድለቱ ይታይ ነበር። በእኛ ቢሮዎች ደግሞ የሚያጋጥመው ከዚህ የቀለለ፣ ግን ያው የሚያሳዝን ነው፤ ከዴስክቶፕ ላይ ፋይሉ መስሏቸው የሾርትከቱን ምልክት ይቀዳሉ። ስሙ አለ፣ ምልክቱ አለ፣ መጠኑ ግን ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ጠዋት መድቡ። ዲስኩን የቀዳው ሰው አይሁን፣ ሌላ ሠራተኛ ጎንደር ያደረውን ዲስክ ይውሰድ፤ ፋይሉ ኖሮበት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ይሰካው። የባለፈውን ወር ደሞዝ ይክፈት። የመጀመሪያውን ስም፣ የመጨረሻውን ስም፣ የታችኛውን ድምር ካቢኔት ውስጥ ካለው የታተመ ወረቀት ጋር ያስተያይ። ለመክፈት ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ ቀኑንና የዲስኩን ፊደል በደብተር ይጻፍና ከሥሩ ይፈርም።